አሮስቶ በኛ በሬ፦ የሰሜን ሸዋ አድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልካችን ዕረፍት አልነበረውም። ርእሱ ትልቅ የበሬ ሥጋን ሳይከትፉ፣ እንዳለ አሽቶና አቆይቶ መጥበስ ነበር፤ አሮስቶ የምንለው። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር ደውላችኋል። ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው በጽሑፍ አሰናድተናቸዋል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። መስመር የተቋረጠባችሁም መልሳችሁን እዚህ ፈልጉት።

«ሼፍ፣ ልጄ ትመረቃለች። ለድግሱ 4 ኪሎ የአሮስቶ ሥጋ ልገዛ ነው። የትኛውን ብልት ስጠኝ ልበል? ባለ ሥጋ ቤቱ ‹ሁሉም ይሆናል› ነው የሚለኝ።» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እንኳን ደስ አለዎት እናቴ። ‹ሁሉም ይሆናል› ለሻጩ እንጂ ለእርስዎ አይሠራም።

መጀመሪያ በሬውን እንወቀው። ሥጋ ቤት ከሚሰቀለው ብዙው ዕድሜውን ሲያርስ ኖሮ፣ በኋላ ደልቦ የመጣ በሬ ነው። በሬ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ጡንቻውን የሚያያይዘው ጅማት እየጠነከረ ይሄዳል። ሲሠራ የኖረው ክፍል ደግሞ፣ እግርና ደረቱ ማለት ነው፣ ጅማት ይበዛበታል። ኢንተርኔት ላይ የምናየው ‹በአንድ ሰዓት የሚደርስ አሮስቶ› የወጣት በሬ ሥጋ ታስቦ የተጻፈ ነው። እሱን እንዳለ ገልብጦ የአራሽ በሬ ወርች ኦቨን ውስጥ የከተተ ሰው፣ እንግዳው ሲያኝክ ያመሻል።

ስለዚህ ብልቱ አሠራሩን ይወስናል። ሽንጥ ያለ ክዳን፣ በደረቅ ሙቀት ይጠበሳል። ብዙ ያልሠራ ጡንቻ ነው። የኋላ እግር ታፋም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ግን ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፣ ሲቀርብም ስስ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ፍሪምባ፣ ወርችና ሻኛ ክዳን ባለው ድስት፣ በትንሽ ፈሳሽ፣ ለረጅም ሰዓት ነው የሚሠሩት። ጭቅናን ይተዉት። ለጥብስ የሚያህለው የለም፤ ለድግስ አሮስቶ ግን ቀጭን ነው፣ ኪስም ይጎዳል።

እኔ ብሆን ፍሪምባ እገዛለሁ። በድግስ ቀን ሰዓት የሚያከብር የለም። እንግዳው ይዘገያል፣ ፎቶው አያልቅም፣ ቄሱ ሳይመርቁ ማዕድ አይቆረስም። ሽንጥ 20 ደቂቃ አለፈበት ማለት ደረቀ ማለት ነው። ፍሪምባ ግን አንድ ሰዓት ቢጨመርበት ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ይሻለዋል።

ከዋዜማው ጠዋት ጀምሮ በጨው ታሽቶ ይደር። መጠኑን ለአንኮበሩ ልጅ ስመልስ ያገኙታል። ጠዋት በጥጥ ሲባጎ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። የፕላስቲኩን ሲባጎ እንዳያደርጉ፤ ይቀልጣል። ብረት ድስት አግለው በትንሽ ዘይት ሁሉንም ጎኑን ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱት። አይቸኩሉ፤ ይቺ ብቻ 15 ደቂቃ ትፈጃለች። ሥጋውን አውጥተው በዚያው ድስት 4 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና 2 ቲማቲም ያቁላሉ። 2 ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩና ሥጋውን ይመልሱ። አፉን በፎይል ሸፍነው ክዳኑን ይድፉበት። ኦቨኑ 150 ዲግሪ ይሁን። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይቆይ። ሹካ ሰክተው ሲያዞሩት ያለ ትግል ከዞረ ደርሷል።

ኦቨን ሳይኖር ከሰል ላይም ይሆናል፤ ግን ደብረ ብርሃን መሆንዎን አይርሱ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ቢሆን 96 ገደማ ይደርሳል። ፈሳሽ ውስጥ ያለ ሥጋ ፈሳሹ ከሚፈላበት በላይ አይሞቅም። ቆላ ያለ ዘመድዎ በ3 ሰዓት ያበሰለው እርስዎ ጋ 4 ሰዓት ቢፈጅ ከሰሉን አይራገሙት።

ከ4 ኪሎው ሲበስል ሲሶ ያህሉ ይቀንሳል። ከሌላ ወጥ ጋር ከሆነ ለ15 ሰው ይበቃል።

«ሥጋውን በሎሚ፣ በአቼቶ፣ በአዋዜና በዝንጅብል 3 ቀን ዘፈዘፍኩት። ላዩ ላሸቀ፣ መሐሉ ጨው አልነካውም። ጾም ስለነበር ቀምሼ ማየትም አልቻልኩ።» (ወጣት፣ ከአንኮበር)

ወንድሜ፣ ቅመምህ አልጎደለም። የጎደለው ጨው ነው።

ሎሚና አቼቶ ወደ ሥጋ የሚገቡት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ አያልፉም። በሰነበቱ ቁጥር ያችኑ ላይኛዋን ክፍል ደጋግመው ያበላሿታል። ዝንጅብል ደግሞ ሥጋ የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። ጥሬ ፓፓያም እንዲሁ። ለአንድ ሰዓት ጥሩ ናቸው፤ 3 ቀን ግን ላዩን ገንፎ ያደርጉታል። የነጭ ሽንኩርቱና የአዋዜው ጣዕምም ላይ ላዩን ነው የሚቀረው። ከነዚህ ሁሉ እስከ መሐል የሚዘልቅ ጨው ብቻ ነው።

ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብታየው ላዩ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ በጨርቅ ይጠርገዋል። አትጥረገው። ጨው የሟሟበት ያ ውሃ ቀስ እያለ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ጡንቻውንም ስለሚያላላው ሥጋው ሲጠበስ ውሃውን ይይዛል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። 3 ኪሎ ለሚሆን ሥጋ 24 ሰዓት ትንሹ ነው፤ 48 ቢሆን ይመረጣል።

መጠኑ አጥንት ለሌለው ሥጋ በኪሎ 15 ግራም ነው። ሚዛን ከሌለህ፣ የደቀቀ ጨው በሾርባ ማንኪያ፣ ከልሙጡ ትንሽ ጎደል አድርገህ ለአንድ ኪሎ። አዋዜ የምትጨምር ከሆነ እሱም ጨው አለውና ቀንስለት። በሚዛን የተለካ ጨው መቀመስ አያስፈልገውም። ጾም ላይ ሆኖ ለበዓል ለሚያሰናዳ ሰው ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም። እናቶቻችን በማሽተት ብቻ ወጥ ያጣፍጣሉ፤ የአሮስቶ ጨው ግን በማሽተት አይታወቅም።

ጨው ቀብተህ ሳትሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ከታች አስቀምጠው፤ ሥሩ ሰፊ ሳህን ይሁን። ላዩ ደረቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ኦቨን ሲገባ ቶሎ ይቀላል። ቅመሙን ሊጠበስ 2 ወይም 3 ሰዓት ሲቀረው ቀባው። የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሻካራ ተደርጎ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ለሽታ ያህል ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይት። በቃ። ሎሚውን ለማዕድ አስቀረው፤ በተቆረጠው ላይ ጠብ ሲደረግ ነው የሚያምረው።

«ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን ሥጋው ገና ሳይበርድ ቤት ገባ። ልጆቹ ወዲያው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከተቱት። ለዳግማይ ትንሣኤ አውጥተን ብንጠብሰው ጥርስ አልበግረው አለ። በሬው ደህና ሰንጋ ነበር። ምን ነካው?» (አባት፣ ከመሐል ሜዳ)

አባቴ፣ ጥፋቱ የበሬው አይደለም። የፍሪዘሩ ጥድፊያ ነው።

ትኩስ ሥጋ ሲቆረጥ ውስጥ ውስጡን ሲንቀጠቀጥ አይተው ያውቃሉ። በሬው ቢሞትም ጡንቻው ለሰዓታት ሥራውን አላቆመም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ድንገት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድ ጡንቻው ይኮማተራል። ፍሪዘር ውስጥ የበረደው ደግሞ ሲቀልጥ ይብሱን ይሸማቀቃል። እንዲህ የተኮማተረ ሥጋ በቅመምም በሎሚም አይመለስም። የሚያዋጣው ድስት ውስጥ ብዙ ሰዓት መቀቀል ነው።

ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው። ሥጋው ሳይቆራረጥ፣ በትልቅ በትልቁ፣ ቀዝቀዝ ባለና ነፋስ በሚያገኝ ቤት ይሰቀል። ዝንብ እንዳይደርስበት ንጹሕ ሻሽ ጣል ያድርጉበት። ከ10 እስከ 12 ሰዓት እዚያው በራሱ ጊዜ ይብረድ። ከዚያ ፍሪጅ ይግባ፤ ፍሪዘር ሳይሆን ፍሪጅ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። መጀመሪያ ድርቅ ይላል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መላላት ይጀምራል። ከ3 እስከ 5 ቀን ሲሞላው ለአሮስቶ ጊዜው ነው። ይቀመጥ ከተባለም ፍሪዘር የሚገባው ያኔ ነው።

ቁርጥ በታረደ ሰዓት ለስላሳ የሚሆነውም ጡንቻው ገና ድርቅ ከማለቱ በፊት ስለሚበላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አታጋጩአቸው። የፋሲካ ዕለት የዶሮ ወጡና የቁርጡ ነው። አሮስቶውን ለረቡዕ ወይም ለሐሙስ ያድርጉት። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ምን ያስቸኩላል?

ፍሪጅ ከሌለ በመንዝ ብርድ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ቢያድር ችግር የለውም። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ግን ብርዱን አይመኑት፤ በማግስቱ ይጠበስ።

«የታሸውን ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ሸፍኜ ባሳድረውስ? ጨው አለው አይደል?» (ሴት አድማጭ፣ ከሸዋ ሮቢት)

በፍጹም እኅቴ። በኪሎ 15 ግራም ጨው ለጣዕም ነው እንጂ ሥጋ አያቆይም። ቋንጣ የሚቆየው ተዘልዝሎ ስለሚደርቅ ነው፤ 3 ኪሎ ድብልብል ሥጋ አይደርቅም። በእናንተ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። ፍሪጅ ከሌለሽ ልትጠብሺው ስትዪ ገዝተሽ ወዲያው ጨው አድርጊና 2 ሰዓት ሳይሞላው ጥበሺው።

«ሥጋው ኦቨን ከገባ 40 ደቂቃ ሳይሞላው መብራት ጠፋ። ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ ብዬ እዚያው ተውኩት። ይበላል?» (አድማጭ፣ ከደብረ ሲና)

አይበላም፤ ጣለው። ያማል፣ ዋጋውንም አውቀዋለሁ። ግን ለብ ያለ ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር ባክቴሪያ እንደ ልቡ ይራባል። ጠዋት ብታገነፍለው ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል፤ አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ግን በሙቀት አይጠፋም። ሽታው ደህና ነው ብለህ አትሞኝ።

ለሌላ ጊዜ እንዲህ አድርግ። መብራት እንደጠፋ በሩን አትክፈት። ኦቨኑ ያዘውን ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ያህል ይይዛል። እስከዚያ ካልመጣ ከሰል አቀጣጥል። ሥጋውን ወደ ወፍራም ብረት ድስት አዛውር፤ ከታች ጥቂት ፍም፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ብዙ ፍም። ድፎ ዳቦ የሚደፋ ቤት ይህን ማስተማር አያስፈልገውም፤ እሳት በላይ እሳት በታች ነው። ኮባ ካለ ድስቱ ውስጥ ከታች አንጥፈው፤ ሥጋው እንዳያር ይጠብቀዋል፣ ሽታውም ደስ ይላል። የላዩን ፍም በየ20 ደቂቃው መቀየር ነው። ክዳኑን ስታነሣ ግን አመዱ እንዳይዘንብበት ዘንበል አድርገህ ሳይሆን ቀጥ አድርገህ አንሣው።

ሰፈር ውስጥ ፉርኖ ቤት ካለ ደግሞ ጠይቅ። ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃው ብዙ ሰዓት ይሞቃል። ባለቤቱን በአንድ ቁራሽ ማግባባት ይቻላል።

«መሐሉ ቀላ ያለ ሲወጣ ባለቤቴ ‹ደሙ አልወጣም፣ ኮሶ ያመጣል› ይላል። እኔ ደግሞ ሲደርቅ አልወድም። ማናችን ልክ ነን?» (እኅት፣ ከአረርቲ)

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ። ቀዩ ፈሳሽ ደም አይደለም። ደሙ ሲታረድ ወጥቷል። ያ ማዮግሎቢን የሚባል፣ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን ያቀላው ውሃ ነው።

ኮሶው ላይ ግን ባለቤትሽን ስሚው። የኮሶ ትል ዕጭ ጡንቻ መሐል ነው የሚቀመጠው፤ ላዩ ስላረረ አይሞትም። መሐሉ 63 ዲግሪ ከደረሰና ከዚያ ትንሽ ካረፈ ግን አበቃለት። በ63 ዲግሪ ሥጋው ገና ሮዝ ነው፣ ውሃውም አለ። ስለዚህ ያስታርቃችኋል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ እስከ 71 ይሂድ።

የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ። ለኩሽናሽ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው እሱን ነው። ‹በኪሎ ይህን ያህል ደቂቃ› የሚለውን አላምንም፤ የኦቨኖቻችን ቁልፍ የሚያሳየውና ውስጡ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ለሽንጥ ኦቨኑን 130 ላይ አድርጊው። 3 ኪሎ ሥጋ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። መሐሉ 60 ሲል አውጪውና 20 ደቂቃ ይረፍ። በዚያ መሐል ኦቨኑን እስከ መጨረሻው አግዪው። ሥጋውን ንጥር ቅቤ ቀብተሽ ለ8 ወይም 10 ደቂቃ መልሺው። ላዩ ይቀላል፣ መሐሉ 63 ያልፋል። ንጥር ቅቤ ያልኩት ያልተነጠረው በዚህ ሙቀት ቶሎ ስለሚያር ነው።

ቴርሞሜትር እስኪገዛ ድረስ ንጹሕ ስስ ብረት እስከ መሐሉ ሰክተሽ እስከ 15 ቁጠሪ፣ አውጥተሽ ከከንፈርሽ ሥር አስነኪው። ለብ ካለ ገና ነው። አላስችል ብሎሽ ቶሎ ካነሣሽው ደርሷል።

በርበሬ፣ ጦስኝና አረቄ

ስለ ቅመም ብዙ ሰው ስለጠየቀ ባጭሩ።

በርበሬ ላዩ ላይ ቀብታችሁ በኃይለኛ ሙቀት ስትጠብሱ ያርና ይመራል። ድስት ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ከሆነ ግን ቦታው ነው። ለደረቁ አሮስቶ አዋዜውን በጎን አቅርቡት። ሚጥሚጣም እንዲሁ።

ጦስኝ ከጥብስ ቅጠል ጋር ይስማማል። መንዝና ጣርማ በር ላይ ያላችሁ ደጃችሁ ላይ ያለውን ትታችሁ ከአዲስ አበባ በፓኬት አታስመጡ። የደረቀው ከእርጥቡ ስለሚበረታ ግማሹን ብቻ አድርጉ።

ኮረሪማ ለትልቅ ሥጋ አልወድም። ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። ይህ የኔ ምርጫ ነው፤ የምትወዱ አድርጉት።

የደብረ ብርሃን አረቄ ውስጥ ይዘፍዘፍ ወይ ያልከው ወንድሜ፣ አይዘፍዘፍ። ጠንካራ አልኮል የሥጋውን ላይ ያደርቀዋል፣ ወደ ውስጥም አይገባም። ሁለት ማንኪያ መረቁ ላይ ጨምረህ ማንተክተክ ትችላለህ፤ ድስቱን ከእሳት አውርደህ ጨምር፣ ካልሆነ ቅንድብህን ይዞት ይሄዳል። የቀረውን ለእንግዶቹ አቅርበው።

«ጥሩ ተጠብሶ ይወጣል፤ ስቆርጠው ግን ውሃው ሁሉ ትሪው ላይ ይፈስሳል፣ ሥጋውም ክር ክር ይላል።» (ምግብ ቤት ያላት አድማጭ፣ ከጫጫ)

ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ትቸኩያለሽ። ከኦቨን ሲወጣ ውሃው ገና ስስ ነው፤ ሲበርድ ይወፍራል፣ ሥጋውም መልሶ ይይዘዋል። ለ3 ኪሎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይረፍ። በፎይል አትጠቅልዪው፤ ላዩ ይረጥባል። ጣል አድርጊበት ብቻ።

ሁለተኛ የምትቆርጪበት አቅጣጫ ነው። ሥጋውን ጥሬ ሳለ እዪው፤ ክሮቹ ወደ አንድ ወገን የተኙ ናቸው። ቢላዋው እነሱን አቋርጦ መሄድ አለበት። ከተጠበሰ በኋላ ስለማይታይ፣ ሳይጠበስ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ቆርጠሽ ምልክት አድርጊለት። ታፋ ከሆነ ክሩ መሐል ላይ አቅጣጫ ይቀይራል፤ እዚያ ስትደርሺ ሥጋውን አዙሪው። ቢላዋው ቀጭንና ረጅም ይሁን፣ በደንብ ይሳል።

ትሪው ላይ የቀረውን ውሃ አትድፊ። የሥጋው ጣዕም እዚያ ነው። በትንሽ ውሃ አላቅቀሽ፣ ስቡን ገፈሽ፣ በተቁላላ ሽንኩርት ላይ አንተክትኪው።

ለሽያጭ ስትተምኚ ከጥሬው ሩብ ያህል እንደሚጠፋ አስቢ፤ ፍሪምባ ከሆነ ሲሶ። በጥሬ ኪሎ የምታሰላ ሴት ትከስራለች። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢው፤ 3 ቀን ይቆያል። በማግስቱ ሙሉውን ድጋሚ አትጠብሺው፣ ይደርቃል። ስስ አድርገሽ ቆርጠሽ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በያዝሽው መረቅ እሳት ላይ ለ2 ደቂቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጊና ለቁርስ አቅርቢው።